ኦራል ነው ወይስ ዚል? በአንድ የቀድሞ ወታደራዊ መኪና ላይ የተነሳ ክርክር

የውይይት መድረኩን ክር፣ ማለትም ተከታታይ ጥያቄና መልሱን፣ የከፈተው በኮምቦልቻ አካባቢ አሸዋና ድንጋይ ለማመላለስ የሚሆን ያገለገለ የጭነት መኪና ሊገዛ የተዘጋጀ ሰው ነው። ሻጩ መኪናው ኦራል መሆኑን ነግሮ ዋጋውን በዚያው ልክ ቆርጦታል፤ ሊብሬው ላይ በሞዴል ስፍራ የሠፈረው ጽሑፍ ግን ከመደብዘዙ የተነሳ አይነበብም። ገዢው ከአራት አቅጣጫ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ካያያዘ በኋላ ያየውን አንድ በአንድ ዘረዘረ። መኪናው ሦስት አክስል ሲኖረው ጎማዎቹ ከኋላም ጭምር ነጠላ ናቸው። ቀለሙ ሰማያዊ ቢሆንም በተላጠበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ የሠራዊት አረንጓዴ ብቅ ይላል። ኮፈኑ ረጅም ነው፤ የፊት መስታወቱ በመሐል ምሰሶ የተከፈሉ ሁለት ጠፍጣፋ መስታወቶች ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት የናፍጣ ሞተር ነው። ሰውየው የጠየቀው ሁለት ነገር ነበር፤ መኪናው በእርግጥ ምን እንደሆነ፣ እንዲሁም ሻጩ እንዳለው 7 ሜትር ኩብ አሸዋ መሸከም ይችል እንደሆነ።

1ኛው መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጸሐፊው በመሐል የተከፈለውን መስታወት አይቶ ኦራል መሆኑን ያለ ማመንታት ፈረደ። 2ኛው በዚህ ተስማምቶ ትንሽ ማብራሪያ ጨመረ፤ ኦራል በሩሲያ ሚያስ ከተማ የሚሠራ ባለ ሦስት አክስል መኪና መሆኑን፣ ሠራዊቱ በብዛት የያዘውም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው 375ዲ የተባለው ዓይነት መሆኑን ጻፈ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ብዙ ሰው በአረንጓዴ ቀለምና በትልልቅ ጎማ የመጣን መኪና ሁሉ ኦራል ብሎ መጥራት ስለሚቀናው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ይዘጋል።

3ኛው መልስ ሰጪ ግን ሞተሩ ላይ ቆመ። የኦራል 375ዲ ሞተር በቤንዚን የሚሠራ፣ 7 ሊትር ገደማ ይዘት ያለው፣ ስምንት ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ የተጋደሙ ባለ 180 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ኦራል 4320 ናፍጣ ቢጠቀምም፣ መጀመሪያ የተገጠመለት የካማዝ ሞተር እንዲሁ ባለ ሁለት ረድፍና ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው ከሁለቱም ስላልሆነ መኪናው ኢፋ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነበር፤ ሁለተኛው ግን ከማይገናኝ ቦታ ወሰደው።

4ኛው መልስ ይህን በትሕትና አረመ። ጸሐፊው ለረጅም ጊዜ ኢፋ የነዱ ሰው መሆናቸውን ገልጸው፣ ከ1965 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመን ሉድቪግስፌልደ ከተማ የተሠራው ኢፋ ደብልዩ 50 ሁለት አክስል ብቻ እንዳለው፣ ሞተሩም አራት ሲሊንደርና 125 ፈረስ ጉልበት ያለው መሆኑን አስረዱ። አያይዘውም ምሥራቅ ጀርመን በ1977 እ.ኤ.አ. የቡና እጥረት በገጠማት ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር ያደረገችውን የመለዋወጥ ስምምነት አስታወሱ። 5ኛው በዚያው ተስቦ ስለ ቡና ዋጋ ረዘም ያለ ነገር ጻፈ፤ ጠያቂው በጨዋነት ወደ መኪናው እንዲመለስ ለመነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምን የመሰለው 6ኛው መልስ ነበር። ጸሐፊው በንጉሡ ዘመን በሠራዊቱ ጥገና ክፍል የሠሩ፣ ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። መኪናው ከሩሲያ ሳይሆን ከአሜሪካ የመጣ ሊሆን እንደሚችል አሳሰቡ። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1953 እ.ኤ.አ. የመከላከያ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ለሠራዊቱ የአሜሪካ መኪኖች ይሰጡ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ከመንገድ ውጪ ሁለት ቶን ተኩል እንዲጭን የተነደፈው ኤም 35 ነው። ኤም 35 ከኋላ ጥንድ ጎማ አለው፤ ወንድሙ ኤም 34 ግን በነጠላ ትልልቅ ጎማ የተሠራ ነው። የሁለቱም ሞተር ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የያዘ ሲሆን የፊት መስታወታቸውም ሁለት ጠፍጣፋ መስታወት ነው። በዚህ አያያዝ ጠያቂው ከዘረዘራቸው ምልክቶች አንድም የሚቃረን አልነበረም።

አዛውንቱ ግን በዚህ አልቆሙም፤ ጠያቂው ወደ መኪናው ሄዶ አንድ ጎማ በስንት ብሎን እንደታሰረ እንዲቆጥር ጠየቁት። የዚያ አሜሪካዊ መኪና ጎማ በ6 ብሎን ይታሰራልና። ግምታቸውን የሚያፈርሰውን ፈተና ራሳቸው ማቅረባቸው በክሩ ውስጥ እጅግ ያስደሰተኝ ነገር ነው። ከእርሳቸው በፊት የጻፉት ሁሉ ፎቶ አይተው ፈርደው ነበር።

በ7ኛው መልስ ጠያቂው 8 ብሎን መቁጠሩን አሳወቀ። 8ኛው የአዛውንቱ ነበር፤ እንግዲያው አሜሪካዊ አይደለም ብለው ሐሳባቸውን ሳያቅማሙ አነሡ። 9ኛው ደግሞ ከዚሁ ቁጥር ሌላ ፍሬ አወጣ። ኦራል ጎማውን የሚያስረው በ10 ብሎን ስለሆነ የሻጩ ቃልም አብሮ ወድቋል፤ 8 ብሎን ያለው ዚል የተባለው የሌላ የሶቪየት ፋብሪካ መኪና ዘር ነው። ይህ ጸሐፊ በአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ በሶማሌ ተራ ለብዙ ዘመን የዕቃ መለዋወጫ የሸጠ ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፤ ዕቃውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በብሎኑ ብዛት ነው። አንድ የጎማ ማሰሪያ ግን ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ እንዳይታመን ካስጠነቀቀ በኋላ፣ በመካከለኛውና በኋለኛው አክስል መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ እንዲያመጣ ለጠያቂው ነገረው።

የዚህ ልኬት ምክንያት ሊብራራ ይገባል፤ ክሩ ከዚህ በኋላ የሚዞረው በእርሱ ላይ ነውና። ባትላሜራ ጋቢናውን ሊለውጥ፣ መካኒክ ሞተሩን ሊቀይር፣ በያጅ ሻንሲውን ቆርጦ ሊያስረዝም ይችላል። ሲያስረዝምም የሚቆርጠው በፊተኛውና በመካከለኛው አክስል መካከል ነው። ሁለቱ የኋላ አክስሎች ግን በአንድ ባሌስትራ ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሚቀመጡ በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚነካ የለም። በኦራል 140 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚል 131 125፣ በአሮጌው ዚል 157 ደግሞ 112 ነው። በእጅ የሚያዝ ሜትርና ትንሽ ጥንቃቄ እነዚህን ሦስቱን ለመለየት ይበቃል።

ጠያቂው በ10ኛው መልስ 130 ሳንቲ ሜትር ይዞ መጣ። ይህ ቁጥር የማንም አልነበረም፤ የክሩ ድምፅ የሻከረውም እዚህ ላይ ነው። 11ኛው ጸሐፊ መለካት የማይችል ሰው መኪና ሊገዛ አይገባውም የሚል ስድብ ቀረሽ ቃል ሰነዘረ። በመሠረቱ ግን ትክክለኛ ነጥብ ነበረው፤ ከጎማ ጠርዝ እስከ ጎማ ጠርዝ የሚለካ ሰው የጎማውን መበላትና የንፋሱን ማነስ አብሮ ይለካል። 12ኛው ስድቡን ነቅፎ ትምህርቱን በለዘበ ቃል ሰጠ፤ መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ማቆም፣ ከሁለቱ ጎማዎች መካከለኛ ነጥብ ገመድ በክብደት ወደ መሬት ማውረድ፣ መሬቱ ላይ ምልክት አድርጎ በምልክቶቹ መካከል መለካት፣ በሌላው ጎን ደግሞ መድገም። በ13ኛው መልስ ጠያቂው በአንዱ ጎን 125፣ በሌላው ከእርሱ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያንስ ቁጥር አገኘ።

ከዚያ በኋላ የተከተሉት አራት መልሶች ከጉዳዩ ወጡ፤ ለጥቂት ጊዜም ክሩ የሚዘጋ መሰለ። 14ኛው ጸሐፊ መኪናው ቢኤም የተባለውን የሮኬት ማስወንጨፊያ ተሸክሞ ኦጋዴን የዋለ መሆኑን ያለ ማስረጃ ተናገረ። 15ኛው በዚያ ጦርነት ሾፌር እንደነበሩ የገለጹ ሰው ናቸው። ከሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ወደ ኢትዮጵያ ካዞረች በኋላ መሣሪያና ተሽከርካሪ በገፍ መምጣቱን ካስታወሱ በኋላ፣ 40 አፈሙዝ ያለው ቢኤም 21 የሚጫነው በኦራል 375ዲ ላይ ስለሆነ አሁን ከተለካው መኪና ጋር ግንኙነት እንደሌለው አስረዱ። 16ኛው ይህን እንደ ፖለቲካ ወስዶ የደርግን ዘመን ያወድሳሉ ብሎ ከሰሳቸው፤ 17ኛውም የ16ኛውን ወገን እየጠቀሰ በባሰ ቃል መለሰ። የመድረኩ ኃላፊ ሁለቱን ካስጠነቀቀ በኋላ ነገሩ በረደ። የሾፌሩ ቃል በዚህ ጫጫታ መዋጡ ያሳዝናል፤ ስለ ተሸካሚው መኪና የሰጡት ማስተካከያ ከአራቱ መልሶች ፋይዳ የነበረው ብቸኛው ነበርና።

18ኛው መልስ ወደ ብረቱ መለሰን። ጸሐፊው 125 የሚለውን ቁጥር ቢቀበልም አንድ ነገር አልዋጥለት ብሎታል። ዚል 131 የፊት መስታወቱ አንድ ወጥና ጎኑ የታጠፈ እንጂ በመሐል የተከፈለ አይደለም። የተከፈለ መስታወት ያለው ዚል 157 ነው፤ የ157ም ሞተር ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ናቸው፣ ምንም እንኳን በቤንዚን የሚሠራ ቢሆንም። እንግዲያው ልኬቱ እንደገና ተሳስቶ መኪናው 157፣ ወይም የእርሱ ቅጂ የሆነው የቻይናው ጂየፋንግ ሲኤ 30 ሊሆን አይችልምን ሲል ጠየቀ። ጥያቄው በአግባቡ የቀረበ ነበር።

የሶማሌ ተራው ሰው በ19ኛው መልስ ተመልሶ ጠያቂው መኪናው ሥር ገብቶ ካርዳን ዘንጎቹን እንዲያይ አዘዘው። በ157 ከትራንስፈር ኬዙ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለአክስሎቹ ከሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ወደ መካከለኛውና ወደ ኋለኛው አክስል የሚሄዱት ዘንጎች የተለያዩ ናቸው፤ ወደ ኋለኛው የሚሄደው በመካከለኛው አክስል ጀርባ ላይ በተተከለ መያዣ በኩል አልፎ ይሄዳል። በ131 ግን ኃይሉ ወደ መካከለኛው አክስል ገብቶ በውስጡ አልፎ ነው ወደ ኋለኛው የሚሻገረው፤ በአክስሉ ጀርባ ላይ የሚያልፍ ዘንግ የለም። በ20ኛው መልስ የቀረበው ፎቶ በጭቃ የተሸፈነ ቢሆንም ጉዳዩን ቆርጦታል፤ በመካከለኛው አክስል ላይ የሚያልፍ ነገር አልነበረም።

መስታወቱን የፈታው 21ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው የባትላሜራ ባለሙያ ሲሆን ፎቶግራፎቹን አጉልቶ ከመስታወቱ በታች ያለውን የጋቢና ከንፈር ተመለከተ። መስታወቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከሥሩ ያለው ላሜራ ግን በሁለቱም ጎን ወደ ኋላ ይታጠፋል። በከንፈሩና በመስታወቱ መካከል የተፈጠረው ክፍተት በሦስት ማዕዘን ላሜራ ተሞልቶ ተበይዷል። ይህም የታጠፈው ዋና መስታወት ተሰብሮ ምትክ ሲጠፋ፣ ባትላሜራው በመሐል ምሰሶ አቁሞ ከማንኛውም መስታወት ቤት የሚቆረጥ ጠፍጣፋ መስታወት መግጠሙን ያሳያል። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ሥራ ራሱም መሥራቱን ጠቅሶ የዚህኛው ብየዳ የጥሩ እጅ መሆኑን መሰከረ። ለእኔ የክሩ ዋና ትምህርት ይህ ነው፤ ከ1ኛው እስከ 18ኛው መልስ ድረስ ብዙዎችን ወደ ኦራል፣ ወደ አሜሪካና ወደ 157 የመራቸው ምልክት ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን የአንድ ገራዥ ብልኃት ነበር።

ሞተሩስ? በ22ኛው መልስ አንድ የናፍጣ ፓምፕ ባለሙያ ከፎቶው ብቻ የመርሴዲስ ኦኤም 352 መሆኑን ለየ። 5.7 ሊትር ገደማ ይዘት ያለው ባለ 130 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። የዚል 131 የራሱ ሞተር በቤንዚን የሚሠራ፣ 6 ሊትርና ስምንት ሲሊንደር ያለው ባለ 150 ፈረስ ጉልበት ሲሆን 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 40 ሊትር ያህል ይጠጣል። ለሠራዊት ይህ ወጪ አያስጨንቅም፤ አሸዋ ለሚያመላልስ ሰው ግን ትርፉን ከቧንቧ የሚያስወጣ ነገር ነው። ስለዚህ ከሠራዊት የወጣ ዚል ናፍጣ ሞተር ቢገጠምለት የሚያስደንቅ አይደለም። ባለሙያው አንድ የተመቸ ስሌትም ጨመረ። ዚሉ በደቂቃ 3200 ዙር በሚደርስ ሞተር 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ የመርሴዲሱ ሞተር 2800 ላይ ስለሚያበቃ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ካልተነኩ መኪናው ከ70 በላይ መሄድ የለበትም። ጠያቂው ሲሞክረው ከ70 አልዘለለም።

23ኛው መልስ እንደገና አቧራ አስነሣ። ጸሐፊው ጠያቂው በላከው ፎቶ ላይ በካምቢዮው ቀፎ 130 የሚል ቁጥር አንብቦ፣ እንግዲያው ይህ ዚል 130 ነው ብሎ በድል አድራጊነት ዐወጀ። 24ኛው ሳቀበት፤ ዚል 130 ሁለት አክስል ያለውና የፊት ጎማው የማይነዳ የሲቪል መኪና ስለሆነ፣ ሦስተኛውን አክስል ከየት አመጣህ የሚል ፌዝ ነበር የጻፈው። 23ኛው ተቆጥቶ ካምቢዮው ላይ የተጻፈው ሊዋሽ እንደማይችል በ25ኛው ደገመ። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ የጎደላቸው ነገር ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ነው።

ይህን ያስረዳው 26ኛው መልስ በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ ጽሑፍ ነው፤ በሶቪየት ዘመን ሩሲያ የተማሩ መሐንዲስ ናቸው የጻፉት። በዚያ አሠራር አንድ የመኪና ክፍል የሚይዘው ቁጥር ሁለት ክፍል አለው። ከፊት የሚቀመጠው ክፍሉ መጀመሪያ የተነደፈለት የመኪና ሞዴል ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው የክፍሉን ዓይነት ይናገራል። ከዚህኛው የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ምድቡን ያሳያሉ፤ 10 ሞተር፣ 17 ካምቢዮ፣ 18 ትራንስፈር ኬዝ፣ 23 የፊት፣ 24 የኋላ፣ 25 የመካከለኛ አክስል ነው። ፋብሪካው ለ130 የሠራውን ክፍል በ131 ላይም ስለሚገጥም፣ በ131 ላይ 130 የሚል ቁጥር መገኘቱ የሚጠበቅ ነው፤ ጋቢናውም ቢሆን የሁለቱ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ መኪናውን ለመለየት ሞዴሎች የሚጋሩትን ክፍል ሳይሆን የማይጋሩትን መመልከት ያስፈልጋል። መካከለኛ አክስል የሌለው 130 ለመካከለኛ አክስል ቁጥር ሊሰጥ አይችልም። ጠያቂው የመካከለኛውን አክስል ቀፎ በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ አጥቦ ቁጥሩን እንዲያነብ መከሩት።

27ኛው መልስ ፎቶ ብቻ ነበር። ከታጠበው ብረት ላይ 131 የሚለው ቁጥር ጎላ ብሎ ወጥቷል፤ ቀጥሎም 25 ይነበባል። ከዚህ በኋላ ስለ ማንነቱ የተከራከረ የለም፤ 23ኛው ጸሐፊም ተመልሶ አልመጣም።

ሻጩ ግን መጣ፤ ወይም ዘመዱ ነኝ ያለ ሰው። 28ኛው መልስ በክሩ ውስጥ እጅግ የመረረው ነው። ሰዎች ከፎቶ ተነሥተው የሰው ንብረት ዋጋ እያወረዱ መሆኑን፣ ኦራልም ይሁን ዚል ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቶ ማሳየቱን ገለጸ። ለሥራው ጥንካሬ የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ዋጋውን የቆረጠው በስሙ ነበርና ስሙ ሲጠየቅ ሊቆጣ አይገባውም ነበር። ኦራል ከዚል ተለቅ ያለ መኪና ነው፤ ልዩነቱ ሁለተኛውን የጠያቂውን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል።

በዚያ ጥያቄ ላይ 29ኛው መልስ አላመቻመቸም። ዚል 131 ከመንገድ ውጪ 3.5 ቶን፣ በጥሩ መንገድ 5 ቶን እንዲጭን ተሠርቷል። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1.5 ቶን ያህል ይመዝናል፤ እርጥብ ከሆነ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ 7 ሜትር ኩብ ማለት ከ10 ቶን በላይ፣ ማለትም መኪናው ከሚችለው እጥፍ ነው። ካሶኒው 7 ሜትር ኩብ መያዙ ባሌስትራውና ፍሬኑ ያንን መቻላቸውን አያሳይም፤ ካሶኒውን የሠራው በያጅ እንጂ ፋብሪካው አይደለምና። የተፈቀደለትን ለመጫን ከሆነ ከ3 ሜትር ኩብ ትንሽ በለጥ የሚል አሸዋ ይበቃዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት የሚያውቅ ሰው፣ በተለይም መመለሻውን ቁልቁለት፣ ይህን ምክር አቅልሎ አያይም። 30ኛው መልስ በዚሁ ላይ የእጅ ፍሬኑን ነገር አስታወሰ። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከትራንስፈር ኬዙ ጋር በተያያዘ ከበሮ ካርዳን ዘንጉን ነው። ስለዚህ ወደ ኋለኞቹ አክስሎች የሚሄደው ዘንግ ቢሰበር ወይም ቢፈታ የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር አይኖርም። ዳገት ላይ ቆሞ የሚጭን ሰው ከጎማው ሥር ድንጋይ ሳያስገባ መውረድ የለበትም።

ጠያቂው በ31ኛው መልስ ሁለት ነገር ጨመረ። የፊት አክስሉ ጎማዎቹን አይነዳም፤ ሻጩም ዲፈረንሻሉ እንደተበላ ነግሮት ትንሽ ዋጋ ቀንሶለታል። በጎማዎቹ መካከል ላይ ደግሞ በብሎን የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ። ለሁለተኛው መልስ የሰጡት ብዙዎች ናቸው፤ ሾፌሩ ከጋቢና ሳይወርድ የጎማዎቹን ንፋስ እንዲቀንስና እንዲጨምር የሚያስችለው ሥርዓት መስመር ነው። አሸዋና ጭቃ ላይ ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ሰፍቶ መሬቱን ይይዛል። የጎማው መዝጊያ ጎሚኒ ሲያረጅ ንፋስ ስለሚያሳልፍ፣ ሲቪል ባለቤቶች መስመሩን ደፍነው እንደ ተራ ጎማ መሙላት ይመርጣሉ። ኦራልም ሆነ ጋዝ 66 የተባለው ሌላ የሶቪየት ወታደራዊ መኪና ይህ ሥርዓት ስላላቸው ለመለያ አይጠቅምም፤ መኪናው ከሶቪየት ሠራዊት ቤተሰብ መሆኑን ከማረጋገጥ በቀር።

የፊት አክስሉን ነገር 34ኛው መልስ ሰጪ አብራራው፤ ለገዢው ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ያስገኘውም ይህ ይመስለኛል። በዚል 131 የፊት አክስል የሚገባው በእጅ ማንሻ አይደለም። ሾፌሩ ትራንስፈር ኬዙን ወደ ከባዱ ማርሽ ሲያስገባ አንድ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ይነካል፤ ማብሪያው የንፋስ ቫልቭ ይከፍታል፤ ንፋሱ የፊቱን አክስል ያገናኛል። ሞተሩ ሲቀየር የጋቢናው ሽቦ ሁሉ ተነቅሎ እንደ አዲስ ስለሚዘረጋ፣ ይህን ሽቦ የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ዲፈረንሻሉን ከመክፈት በፊት ቫልቩ ኤሌክትሪክ እየደረሰው መሆኑን ማየት ይበቃል። ጠያቂው ከአንድ መካኒክ ጋር ሆኖ ከባትሪ በቀጥታ መስመር ሲሰጠው ንፋስ የመተንፈስ ድምፅ ሰማ፤ የፊት ጎማዎቹም ያዙ። ሻጩ ተበላ ብሎ ዋጋ የቀነሰለት ዲፈረንሻል ጤነኛ ነበር ማለት ነው። 35ኛው ጸሐፊ ይህን ለሻጩ መንገር ተገቢ ይሁን አይሁን የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ አንሥቶ ጥቂት ሰዎች ተከራከሩበት፤ እኔ ሻጩ ኦራል ብሎ ከጨመረው ጋር ይቻቻላል ከሚሉት ወገን ነኝ።

የቀረው አንድ ጉዳይ መኪናው በሠራዊት ቤት ምን ይሸከም እንደነበረ ነው። በሻንሲው ላይ ከካሶኒው ማሰሪያ ጋር የማይገናኙ ቀዳዳዎች አሉ። 37ኛው ጸሐፊ ዚል 131 በተለምዶ እንደ ቤት የተዘጋ ሣጥን ተጭኖበት ለሬዲዮና ለተንቀሳቃሽ ገራዥ ያገለግል ስለነበር ቀዳዳዎቹ የዚያ ናቸው አለ። 38ኛው ቦቴ ነበር ብሎ ይከራከራል፤ ማስረጃው ከትራንስፈር ኬዙ አጠገብ የሚታየው የፓምፕ ማንቀሳቀሻ የሚመስል መውጫ ነው። በ39ኛው መልስ የሶማሌ ተራው ሰው ሁለቱንም ዝም አሰኝቶ፣ ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በሻንሲው ቀኝ ብረት ላይ የተመታውን ቁጥር አጽድቶ ከሊብሬው ቁጥር ጋር እንዲያመሳክር፣ የተቀየረውም ሞተር ሊብሬው ላይ መመዝገቡን እንዲያረጋግጥ አሳሰበ። የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ገጠመ፤ የሞተሩ ግን አልገጠመም። ሻጩ የሞተር ለውጡን በራሱ ወጪ በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቦ እንዲያስረክብ ተስማሙ፤ ዋጋውም በዚል ስም እንደገና ተቆረጠ።